ክሩ ሲላላ ቀመሩ ይለወጣል

ተማሪዎችን ፊዚክስ ሳስጠና ደጋግሜ የማነሣው አንድ ጥያቄ አለ። ከጣሪያ ላይ ሞላ ተንጠልጥሏል፤ ከሞላው ጫፍ ቀጭን ክር፣ ከክሩ ጫፍ ደግሞ 200 ግራም የሚመዝን ብረት ታስሯል። ብረቱ ሲረጋ ሞላው 5 ሳንቲ ሜትር ተለጥጧል። ብረቱን ከረጋበት ቦታ 8 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች ስበን ብንለቀው፣ ከረጋበት ቦታ በላይ ምን ያህል ከፍ ይላል? አብዛኞቹ ሳያመነቱ «8 ሳንቲ ሜትር» ብለው ይመልሳሉ።

ርቀቱን ብረቱ ከረጋበት ቦታ ተነሥቶ መለካት ትክክለኛ ጅምር ነው። በዚያ ቦታ የሞላው ስበትና የብረቱ ክብደት ስለሚቻቻሉ ክብደቱ ከእኩልዮሹ ይወጣል፤ የሚቀረው ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1678 ያሳተመው፣ የሞላ ኃይል ከመለጠጡ ጋር በእኩል መጠን ያድጋል የሚለው ሕግ ብቻ ነው። የመሬት ስበት ፍጥንጥነት የሆነውን 9.8ን፣ ሞላው በሜትር ለተለጠጠበት መጠን ለ0.05 ስናካፍል 196 እናገኛለን፤ የዚህ ዳግም ዘር 14 ስለሆነ አንዱ ሙሉ ውዝዋዜ (2π ለ14 ሲካፈል) 0.45 ሰከንድ ያህል ይወስዳል። ልብ በሉ፣ 200 ግራሙን አልነካነውም። ሞላው ምን ያህል እንደተለጠጠ የሚለካ ማስመሪያ ብቻ በቂ መሆኑ ዛሬም ድረስ ያስደስተኛል።

ነገር ግን ክር ይስባል እንጂ አይገፋም። ብረቱ ከረጋበት ቦታ 5 ሳንቲ ሜትር ሽቅብ ሲደርስ ሞላው ወደ ተፈጥሯዊ ርዝመቱ ይመለሳል፣ የክሩም ውጥረት ዜሮ ይሆናል። በዚያች ቅጽበት የብረቱ ፍጥነት 14 ሲባዛ በ39 ዳግም ዘር፣ ማለትም በሰከንድ 87 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው (39 የተገኘው ከ8 ካሬ ላይ 5 ካሬ ሲቀነስ ነው)። ከዚህ በኋላ ብረቱ ወደ ላይ እንደተወረወረ ማንኛውም ነገር በራሱ ክብደት ብቻ እየዘገየ ተጨማሪ 3.9 ሳንቲ ሜትር ይወጣል። ስለዚህ መልሱ 8.9 ሳንቲ ሜትር ነው። ብረቱ በቀጥታ ከሞላው ጋር ታስሮ ቢሆን ኖሮ፣ ሞላው እየታመቀ ቁልቁል ስለሚገፋው በ8 ሳንቲ ሜትር ይቆም ነበር።

ስለዚህም ማንኛውም ተማሪ የውዝዋዜን ቀመር ከመጻፉ በፊት የክሩን ውጥረት ለብቻው አስልቶ፣ የትም ቦታ ላይ ዜሮ አለመሆኑን እንዲያረጋግጥ አጥብቄ እመክራለሁ። እዚህ ላይ የውዝዋዜው ስፋት፣ ማለትም ብረቱ ከረጋበት ቦታ የሚርቅበት ከፍተኛው ርቀት፣ ከ5 ሳንቲ ሜትር ካልበለጠ ክሩ ፈጽሞ አይላላም። ሲበልጥ ግን ጊዜውም አብሮ ይለወጣል፦ የሞላውንና የክሩን ክብደት ከቁጥር ካላስገባን፣ በ8 ሳንቲ ሜትር የተለቀቀው ብረት አንዱን ዙር የሚጨርሰው በ0.50 ሰከንድ ገደማ ሲሆን፣ የበለጠ ከተሳበ ደግሞ ከዚያም በላይ ይቆያል።