የእማዬ ተረከዝ

ዛሬ ከሥራ ቀደም ብዬ ወጣሁና ባጃጅ ይዤ እማዬ ጋ፣ ታቦር ሰፈር ሄድኩ። አስታማሚ የላከልን ድርጅት "ደብተሩን እዩት፣ ሁሉም ይመዘገባል" ይላል። አየሁት። እማዬ አልጋዋ ላይ በየ2 ሰዓቱ ተገላብጣለች ይላል፦ 8፣ 10፣ 12 ሰዓት። ገና 9 ተኩል ነበር እኮ!

ካልሲዋን አወለቅኩ። ተረከዟ ቀልቷል። በጣቴ ጫን አድርጌ ለቀቅኩት። ጤነኛ ቆዳ ነጣ ብሎ ነው የሚመለሰው፤ ይሄ ቅላቱ ንቅንቅ አላለም። የአልጋ ቁስል እንዲህ ነው የሚጀምረው።

አስታማሚዋ ልጅ ላይ ልጮህ ነበር። ግን ብቻዋን ናት፣ እማዬ ደግሞ (አትስማኝ እንጂ) ከባድ ናት። ስንቀጥራት የጠየቅነው "ስንት ነው? የእጅ አመልስ የለባትም?" ብቻ። ማገላበጥ ማን አሳያት?

አብረን ከባቷ ሥር ትራስ አስገብተን ተረከዟን ከፍራሹ አላቀቅነው። እማዬ አንድ ዓይኗን ገለጠች፤ "እናንተ ልጆች፣ እንቅልፌን ነሳችሁኝ።"