ወደ ሜዳ ላለመመለሴ የማቀርበው ምስጋና

የጌታ ስም የተባረከ ይሁን። ከስፖርተኞች የምንሰማው ምስክርነት አብዛኛውን ጊዜ ከጉዳት ተፈውሶ ወደ ሜዳ ስለ መመለስ ነው፤ እኔ የምመሰክረው ግን እንዳልመለስ ስለ ተደረገልኝ ምሕረት ነው።

በአንድ ክለብ የመሀል ሜዳ ተጫዋች ሳለሁ፣ በልምምድ ላይ በሙሉ ፍጥነት እየሮጥሁ ድንገት ዓይኔ ጨለመና ወደቅሁ። ወዲያው ስለ ነቃሁ ድካም ነው፣ የውሃ ማነስ ነው ተባለ። የቡድኑ ሐኪም ግን ሩጫን ጨርሶ ራስን መሳትና በሩጫ መካከል ራስን መሳት አንድ እንዳልሆኑ፣ ሁለተኛው ከልብ ሊመጣ የሚችል ማስጠንቀቂያ እንደ ሆነ ነግሮኝ፣ በቤተሰቤ ውስጥ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው እንዳለ ጠየቀኝ። አጎቴ ትዝ አለኝ። የልብ አልትራሳውንድ ምርመራው የልቤ ጡንቻ ከልክ በላይ መወፈሩን አሳየ፤ ይህ ሕመም በአብዛኛው በዘር የሚተላለፍ ሲሆን የልብን ምት በድንገት አዛብቶ ሊገድል ይችላል። ኳስ እንዳቆም ተነገረኝ።

ጾምሁ፣ ጸለይሁም፤ የለመንሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሁለተኛው ምርመራ የመጀመሪያውን ሐሰት እንዲያደርገው። አላደረገውም። በጸሎት ቡድናችን ውስጥ ያሉ አንዲት እናት ግን ስለ እኔ ሲጸልዩ ስለ መፈወሴ አንድም ቃል ሳያነሡ፣ «ጌታ ሆይ፣ ልጄን ሳይሞት ስላስጠነቀቅኸው ተመስገን» አሉ። እውነቱን ለመናገር በዚያ ሰዓት ጸሎታቸው አስቆጥቶኝ ነበር።

ቁጣዬን ያበረደው የማርክ ቪቪያን ፎኤ ታሪክ ነው። ካሜሩናዊው አማካይ እ.ኤ.አ. ሰኔ 26 ቀን 2003 በሊዮን ከተማ፣ አገሩ ከኮሎምቢያ ጋር በኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ስትጫወት፣ ማንም ሳይነካው ወድቆ በ28 ዓመቱ ዐረፈ፤ በአስከሬን ምርመራም ልቡ የእኔን ዓይነት ሕመም እንደ ነበረበት ታወቀ። እርሱ ሞቶ እኔ የዳንሁት ከእርሱ ስለ ተሻልሁ ነው ብሎ ለማሰብ እንዳልደፍር የከለከለኝ የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ነው። ጌታ በዚያ ስፍራ የሰሊሆም ግንብ ወድቆ የገደላቸው 18 ሰዎች ከሌሎቹ ይልቅ በደለኞች እንዳልነበሩ ከተናገረ በኋላ፣ ወዲያው ስለ ፍሬ አልባዋ በለስ ምሳሌ ይናገራል፤ አትክልተኛውም «በዚች ዓመት ደግሞ ተዋት» እያለ ይለምንላታል። ማስጠንቀቂያውና ምሕረቱ በአንድ ምዕራፍ ጎን ለጎን የቆሙት በከንቱ አይመስለኝም። እኔም የተሰጠኝ ያች ተጨማሪ ዓመት እንደ ሆነች ገባኝ፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ተዘጋብኝ ሜዳ ማጉረምረም እየቀለለኝ ሳይሆን እያሳፈረኝ መጣ።

ሕመሙ በዘር የሚሄድ በመሆኑ ሐኪሞቹ የቅርብ ዘመዶቼም እንዲመረመሩ አዘዙ። ታናሽ ወንድሜ ከእኔ የበለጠ ሯጭ ነበር፤ አንድም ቀን ራሱን ስቶ ስለማያውቅ የሄደው እናታችንን ላለማስቀየም ያህል ነበር። የእርሱ ልብ ግን ከእኔም የባሰ አደጋ ላይ ሆኖ ተገኘ፤ ዛሬ ምቱ ሲዛባ በኤሌክትሪክ የሚያስተካክል መሣሪያ በደረቱ ውስጥ ተተክሎለት በሰላም ይኖራል። እኔ ስለ እግሮቼ እየለመንሁ ሳለ እግዚአብሔር ያልለመንሁትን የወንድሜን ነፍስ ሰጠኝ።