ዘጌ ጫካ ውስጥ ስልክ የሚያነበው ተለጣፊ

ባሕር ዳር ላይ የጠየቁን የጀልባ ዋጋ ተከራክረን ካስቀነስነውም በኋላ ውድ ነው። ዘጌ ወርዶ በቡናው ጫካ ጥላ ሲራመዱ ግን ንዴቱ ይበርዳል። ይዤ የሄድኩት ስልክ ሲጠጋቸው ስለ ቦታው የሚናገሩ የኤን ኤፍ ሲ ተለጣፊዎችን ነው።

አዲስ አበባ ቢሆን የድረ ገጽ አድራሻ ብቻ መጻፍ ይበቃ ነበር። እዚህ ኔትወርኩ ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይጠፋል፤ ስለዚህ ጽሑፉ ራሱ ተለጣፊው ውስጥ መግባት አለበት። ርካሹ የተለጣፊ ዓይነት፣ ኤንታግ 213፣ የሚይዘው 144 ባይት ነው። አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፤ የቦታውን ስምና «ወደ ቀኝ ታጠፉ» የሚለውን ከጻፉበት ብዙም አይተርፈው። ለአማርኛ የሚሆነው 888 ባይት ያለው ኤንታግ 216 ነው፤ ወደ 290 ፊደል ይይዛል።

ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት በሚወስደው መንገድ አንድ አባት «ልጄ፣ ግድግዳ እንዳትነካ፤ ጣውላ አመጣልሃለሁ» አሉኝና አመጡልኝ። ትልቅ ውለታ ነው። ቆርቆሮ ላይ ቢለጠፍ ብረቱ ሞገዱን ስለሚያፍነው ስልክ አያነበውም፤ ብረት ላይ ግድ ከሆነ ከጀርባው ፌራይት፣ ማለትም ሞገዱን ከብረቱ የሚከልል ስስ ንጣፍ፣ ያለበትን ዓይነት ግዙ። ከ4 ሳንቲ ሜትር በላይ ቢርቅም አይነበብም። አይፎን ከሆነ የላይኛውን ጫፍ፣ አንድሮይድ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የጀርባውን መሃል ወይም የካሜራውን አካባቢ አስጠጉ። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ቆልፉት፤ ካልተቆለፈ ማንም አላፊ በስልኩ ይሰርዘዋል። ከተቆለፈ በኋላ ግን እርማት የለም፤ መጀመሪያ ፊደል ልቀሙ።

ጢስ ዓባይ ስሄድ መንገዱ አቧራ ነበር። ፏፏቴው አጠገብ ኪው አር ኮድ ይሻላል፤ ከሩቅ ይነበባል። በሚያብረቀርቅ ላሚኔት ከተሸፈነ ግን ፀሐይ ሲያርፍበት ካሜራው ይታወራል፤ የማያብረቀርቅ ሽፋን አድርጉበት። ዙሪያውን ኮዱ ከተሠራባቸው ነጥቦች (ትንንሽ ካሬዎች) የአራቱን ስፋት ያህል ነጭ ጠርዝ ተዉለት። በኤች፣ ማለትም ከፍተኛው የስሕተት ማረሚያ ደረጃ ከታተመ እስከ 30 በመቶ ቢበላሽም ይነበባል፤ ነጥቦቹ ስለሚበዙ ግን ወረቀቱን ማስፋት ያስፈልጋል።

ወደ ዓባይ በረሃ ለምትወርዱ ደግሞ፦ ካርታውን ደብረ ማርቆስ ላይ በዋይፋይ አውርዱ። ጂፒኤስ ኢንተርኔት አይሻም፤ ያለ ኢንተርኔት ሲነሳ ግን የሳተላይቶቹን መረጃ ከሰማይ ለመቀበል ግማሽ ደቂቃና ከዚያም በላይ ይወስድበታል፤ ገደሉ ሰማዩን ሲሸፍነው ደግሞ ይብሳል። ደጀን ላይ፣ ሜዳው ገና ሳያልቅ ክፈቱት።