እየጾምኩ ለምን ወፈርኩ? ሰዓት ይዤ የበላሁባቸው አምስት ወራት

ሜክሲኮ አካባቢ የእግረኛ መንገድ ላይ ሚዛን ይዘው የሚቀመጡ ልጆች አሉ። ጥቅምት 2016 አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ ቆሜ ተመዘንኩ። 86 ኪሎ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ72 ነው። ቤት ስገባ የባለቤቴን የስፌት ሜትር አውጥቼ ወገቤን ለካሁ፤ 102 ሴንቲ ሜትር።

ክብደቱ አሳስቦኛል፤ ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ድካሙ ነው። የምሠራው ሒሳብ ክፍል ነው። ምሳ በልቼ 8 ሰዓት ተኩል ሲል ዓይኔ ይከደናል። አንዱን ደረሰኝ ሦስቴ አያለሁ። ማታ ቤት ስደርስ ልጄ «አባዬ፣ ኳስ እንጫወት» ትለኛለች። «ነገ» እላታለሁ። እንዲህ እያልኩ ወራት ሄዱ። አንድ ቀን መጠየቋን ተወችው። ያ ከሚዛኑ ቁጥር በላይ ቆረቆረኝ።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ኢንተርሚተንት ፋስቲንግ ስለሚባለው ነገር የነገረኝ ያን ሰሞን ነው። በቀን ውስጥ ለ8 ሰዓት ብቻ ትበላለህ፣ ለ16 ሰዓት ትተዋለህ። ውኃ ይቻላል። ስኳር የሌለው ቡናና ሻይም ይቻላል። ስሰማው አንድ ጥያቄ መጣብኝ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ጾሜአለሁ፤ ረቡዕና ዓርብ፣ ፍልሰታ፣ የዐቢይ ጾም 55 ቀን። ሳይበሉ መዋል የሚያከሳ ከሆነ እኔ በጾም ወቅት ለምንድን ነው የምወፍረው?

መልሱን ለማግኘት አንድ ዓርብ የበላሁትን ሁሉ ደብተር ላይ ጻፍኩ። እስከ 9 ሰዓት ምንም አልቀመስኩም። 9 ሰዓት ላይ በያይነቱ፣ ሁለት እንጀራ። ወዲያው ሻይ፣ በሦስት ማንኪያ ስኳር። 11 ሰዓት ላይ ሁለት ሳምቡሳ ከሻይ ጋር። ቤት ስገባ ዳቦ በማርማላታ፣ አሁንም ሻይ። ማታ 3 ሰዓት ላይ ዘይቱ ከላይ የሚያብለጨልጭ ተጋቢኖ። ከዚያ ቴሌቪዥን ፊት ለውዝና ሁለት ሻይ፣ እስከ 5 ሰዓት። ቁጭ ብዬ ደመርኩት። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 16 ካሎሪ ገደማ ነው። 5 ብርጭቆ ሻይ ጠጥቻለሁ፤ 15 ማንኪያ ስኳር፣ 240 ካሎሪ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ደግሞ 120 ካሎሪ ይደርሳል። በዚያ ቀን ስንት ማንኪያ ዘይት እንደበላሁ መቁጠርም አልቻልኩም። ሥጋና ቅቤ ስለሌለበት ብቻ ቀላል ምግብ የበላሁ ይመስለኝ ነበር።

ሐሳቤን ለእማዬ ስነግራት ደስ አላላትም። «ልጄ፣ ጾም እኮ ለኪሎ አይደለም» አለችኝ። «የእግዜርን ለእግዜር፣ የሆድህን ለሆድህ ለይተህ አድርገው።» እውነቷን ነው። ስለዚህ እቤት ውስጥ ቃሉን ለየነው። ጾም ጾም ነው። ይሄኛውን «ሰዓት መያዝ» አልነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ለእኔ ግን ብዙ አቃለለልኝ። ሰዓቱን ባፈርስ ኃጢአት ሠራሁ ብዬ አልጨነቅም። ጾሙንም ለሱሪዬ ልክ ብዬ አልጾምም።

የጀመርኩት ለ12 ሰዓት ሳልበላ በመቆየት ነው። ማታ 2 ሰዓት ላይ አፌን እዘጋለሁ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ቁርስ እበላለሁ። አንድ ሳምንት እንዲህ ሄድኩ። ሁለተኛው ሳምንት ቁርሱን ወደ 4 ሰዓት ገፋሁት። በሦስተኛው ሳምንት 16 ሰዓት ደረስኩ፤ መብላት የምችለው ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ ማታ 2 ሰዓት ሆነ። በመጀመሪያው ቀን 16 ሰዓት ልያዝ ብል ኖሮ በሦስተኛው ቀን እተወው ነበር ብዬ አምናለሁ።

ያልጠበቅኩት ነገር ቢኖር የረሃቡን ጠባይ ነው። 4 ሰዓት ላይ ሆዴ ይጮሃል፣ ጭንቅላቴን ይወቅረኛል። 5 ሰዓት ሲሆን ግን ሳልበላም ጥፍት ይላል። በኋላ ሳነብ ምክንያቱን አገኘሁት። ግሬሊን የሚባል የረሃብ ሆርሞን አለ። ሰውነት መብላት በለመደበት ሰዓት ከፍ ይላል፣ ያ ሰዓት ሲያልፍ ይወርዳል። ቢሯችን ውስጥ 4 ሰዓት የሻይና የብስኩት ሰዓት ነው። ሆዴ የሚያውቀው እሱን ነበር። ሁለት ሳምንት ተኩል ገደማ ሲሆነው 4 ሰዓት ላይ መጮሁን ተወ።

ስኳር የሌለውን ቡና መልመድ ከረሃቡ ይከብዳል። 10 ቀን ገደማ እያኮማተረኝ ነው የጠጣሁት። አሁን ባለ ስኳሩን ቡና ልጠጣ ብል አልወደውም።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ሰው ነው። እኛ ዘንድ ምግብ ብቻውን አይበላም። ባልደረቦቼ ቁርስ ይዘው ይመጣሉ፣ «እንብላ!» ይባላል። «ብሉ፣ ይባረክ» ብዬ ብቀመጥ «ምነው፣ ተጣላን እንዴ?» ትለኛለች አንዷ። ጉርሻ ጠቅልላ ትመጣለች። እጇ አየር ላይ ቆሞ እንዴት እምቢ ይባላል? ሁለት ሦስት ጊዜ እምቢ ብዬ ፊቷ ሲጠቁር አየሁ። ስለዚህ ለራሴ ሕግ አወጣሁ። ሰው ቤት፣ ማኅበር፣ ለቅሶ፣ ሠርግ ላይ ሰዓት አልቆጥርም። የቀረበውን በልኩ እበላለሁ፣ በማግስቱ ወደ ሰዓቴ እመለሳለሁ። ቢሮ ውስጥ ደግሞ ለባልደረቦቼ በግልጽ ነገርኳቸው፤ ቡናዬን ይዤ አብሬያቸው እቀመጣለሁ፣ 6 ሰዓት ላይ ጉርሻዬን እቀበላለሁ። ሰዓት ይዤ ከሰው የምርቅ ቢሆን ኖሮ ይህ ነገር ለእኔ አይጠቅመኝም ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ 2 ኪሎ ቀንሼ አገኘሁት። ደስታዬ አሳሳተኝ። ያ ኪሎ አብዛኛው ውኃ እንደሆነ አላወቅኩም። ጉበትና ጡንቻ ስኳር የሚያስቀምጡት ግላይኮጅን በሚባል መልክ ነው። አንዱ ግራም ግላይኮጅን 3 ግራም ያህል ውኃ ይይዛል። አመጋገብ ሲቀንስ መጀመሪያ የሚሄደው ይሄ ነው። እኔ ግን ስብ የቀለጠ መስሎኝ «16 ሰዓት እንዲህ ካደረገኝ 24 ሰዓት ምን ሊያደርገኝ ነው» አልኩ። አንድ ማክሰኞ ከማታ 2 ሰዓት ጀምሬ ሙሉ ቀን ዋልኩ። ማታ 12 ሰዓት ላይ ሚኒባስ ውስጥ ነበርኩ፤ ተጨናንቀን ተቀምጠናል። መጀመሪያ እጄ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ላብ አጠመቀኝ። ጆሮዬ ጭው አለ። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት ፊቴን አይተው «ምን ሆነሃል የኔ ልጅ?» አሉ። ከዘንቢላቸው ሙዝ አውጥተው ራሳቸው ልጠው ሰጡኝ። ወያላውን «መስኮቱን ክፈትለት!» ብለው ተቆጡት። ሙዙን ስጎርስ እጄ አሁንም ይንቀጠቀጣል። እኚያን ሴት ዳግመኛ አላገኘኋቸውም፤ ውለታቸውን ግን አልረሳውም። ከዚያ ቀን ወዲህ ከ16 ሰዓት አልፌ አላውቅም።

ይህ አልበቃ ብሎ ጨጓራዬ ተነሳ። ከድሮም ያስቸግረኝ ነበር። በባዶ ሆድ ሁለት ሦስት ስኒ ቡና ስጨምርበት አቃጠለኝ። ክሊኒክ ሄድኩ። ምርመራው ሄሊኮባክተር የሚባለውን ባክቴሪያ አሳየ፣ መድኃኒት ታዘዘልኝ። ሐኪሟ መድኃኒቱን እስክጨርስ ሰዓት መያዙን እንዳቆም፣ ከእህል በፊት ቡና እንዳልጠጣ ነገረችኝ። ሁለት ሳምንት አቆምኩ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት የምጠጣው ሙቅ ውኃና ቀላል ሻይ ነው፤ ቡናዬ ከምሳ በኋላ ሆነ። አገራችን ጨጓራ የሚያስቸግረው ሰው ብዙ ነው። ይህን ነገር መሞከር የምትፈልጉ ሁሉ መጀመሪያ ጨጓራችሁን ታዩት ዘንድ እለምናችኋለሁ።

ለሐኪሟ ሌላም ጥያቄ ነበረኝ፤ የእማዬን። እማዬ የስኳር ሕመምተኛ ናት፣ ኢንሱሊን ትወጋለች። የእኔን ሁኔታ ስታይ ሐሳቧ ተለውጦ «እኔስ ጠዋት ጠዋት ብተወው ስኳሬ አይወርድልኝም?» ብላኝ ነበር። ሐኪሟ ስትሰማ ከወንበሯ ተነሳች ማለት ይቻላል። «ይወርዳል፤ አደጋውም እሱ ነው» አለችኝ። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ የስኳር ኪኒን የሚወስድ ሰው ሳይበላ ከቆየ የደሙ ስኳር ከ70 (mg/dL) በታች ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ያለ ሐኪም ክትትል ሰዓት መያዝ የለበትም። ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶች፣ ገና በማደግ ላይ ያሉ ልጆችም እንደዚሁ። ዛሬ በየስልኩ የሚዘዋወረው ቪዲዮ «ስኳርን ያድናል» እያለ ሲናገር ስሰማ ሆዴ ይረበሻል። የሚያየው የእኔ እናት ዓይነት ሰው ነው።

ኅዳር አጋማሽ ላይ የነቢያት ጾም ገባ፣ ሁለቱን አብሬ ያዝኩ። ያኔ ነው ዋናውን ነገር የተማርኩት። 82 ኪሎ ላይ ደርሼ አንድ ወር ሙሉ ንቅንቅ አልልም አለ። ሰዓቴን አላፈረስኩም። ደብተሬን እንደገና ጀመርኩ። ያየሁት የዚያን የጥቅምት ዓርብ ታሪክ ነው፤ 16 ሰዓት የተውኩትን በ8 ሰዓት ውስጥ እየከፈልኩ ነበር። ማታ 2 ሰዓት ሊሆን 15 ደቂቃ ሲቀረው «ሳይዘጋብኝ» ብዬ ዳቦና ለውዝ እጨምራለሁ።

ያን ሰሞን አንድ ጥናት አነበብኩ። ቻይና ውስጥ 139 ወፍራም ሰዎች ላይ ለአንድ ዓመት የተደረገ ነው፤ በ2022 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ታትሟል። ሁለቱም ቡድኖች ካሎሪ ቀነሱ። አንዱ ቡድን በተጨማሪ ከጠዋቱ 2 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ብቻ እንዲበላ ተደረገ። ሰዓት የያዙት በአማካይ 8 ኪሎ፣ ያልያዙት 6.3 ኪሎ ቀነሱ። ተመራማሪዎቹ ልዩነቱ የሰዓቱ ውጤት ነው ለማለት የሚያበቃ አይደለም አሉ። ለእኔ ይህ ተስፋ የሚያስቆርጥ አልነበረም። የደብተሬን ነገር አረጋገጠልኝ። ሰዓቱ የሚሠራው አጥር ሆኖ ነው። አጥሩ ውስጥ የምታስገባው ምግብ ካልቀነሰ አጥሩ ብቻውን አያከሳም።

ስለዚህ ሳህኔን ቀየርኩ። አንድ እንጀራ ብቻ። ባለቤቴ የሽሮውን ዘይት በግማሽ ቀነሰች፤ የመጀመሪያው ቀን ቅር አለኝ፣ በሳምንቱ ለመድኩት። ሰዓቴን የምከፍተው ቀድሞ በዳቦ ነበር። አሁን በምስር፣ በባቄላ ወይም በሽምብራ ከጎመን ጋር ሆነ፤ በፍስክ ደግሞ በሁለት እንቁላል። በዳቦና በሻይ ስከፍት ከአንድ ሰዓት በኋላ እንደገና ይርበኛል። በባቄላ ስከፍት እስከ 11 ሰዓት ያቆየኛል። ማታ ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድሜ እወርድና በእግሬ እገባለሁ።

ሰዓቱንም ቀደም አደረግኩት፤ ከ5 ሰዓት እስከ ማታ 1 ሰዓት። ጉልበቴ የተመለሰው በዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ድሮ 3 ሰዓት ላይ ጠግቤ ስተኛ ምግቡ ወደ ጉሮሮዬ እየመጣ ሌሊት ይቀሰቅሰኝ ነበር። 1 ሰዓት ላይ ስዘጋ ግን ሌሊቱን ሙሉ ተኛሁ። የቀኑ እንቅልፍ፣ ያ የ8 ሰዓት ተኩሉ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ለቀቀኝ። «በ16 ሰዓት ሕዋሳት ይታደሳሉ» የሚል ነገር በብዛት ይወራል፤ ጃፓናዊው ሳይንቲስት ዮሺኖሪ ኦሱሚ በ2016 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የኖቤል ሽልማት ያገኙበት ግኝት፣ ሕዋስ የገዛ ክፍሎቹን ሰባብሮ መልሶ የሚጠቀምበት መንገድ፣ እየተጠቀሰ። እሳቸው ግን ያጠኑት እርሾ ላይ ነው፤ ለሰው የሚሆን ሰዓት አልወሰኑም። እኔን የጠቀመኝ እንቅልፌ ነው።

የካቲት መጨረሻ ላይ ሜክሲኮ ያለው ልጅ ጋ ተመዘንኩ። 78 ኪሎ ተኩል። ወገቤ 93። በገና ሰሞን አንድ ኪሎ ተኩል ጨምሬ ነበር፤ በሦስት ሳምንት ወረደ። ልጄን ደግሞ እኔው ነኝ «ኳስሽን አምጪ» ያልኳት። ትንሽ አየችኝ፣ ከዚያ ሮጣ ሄደች።

አሁን የምይዘው 14 ሰዓት ነው፤ ያ ይበቃኛል። እሁድ ግን ጭራሽ አልይዝም። እሁድ ጠዋት እማዬ ጋ እሄዳለሁ። ኢንሱሊኗን ከወጋች ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቁርስ መብላት አለባት፤ ብቻዋን መብላት ደግሞ አትወድም።