ክህደቱ የተቆረጠበት ፊልም

በቀድሞ የሥራ ቦታዬ፣ ስሙን ልተወውና፣ በአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ውስጥ የውጭ ፊልሞችን ወደ አማርኛ እተረጉም ነበር። ፊልሞቹ የሚተላለፉት በሳምንቱ መጨረሻ ከሰዓት በኋላ ሲሆን፣ የተመደበላቸው ጊዜ ማስታወቂያን ጨምሮ ሁለት ሰዓት ብቻ በመሆኑ ከዚያ የሚረዝም ሁሉ ይቆረጣል። የሚቆረጠውን የሚመርጠው የምስል አቀናባሪው ነው፤ ተርጓሚው ሥራውን አስረክቦ ከወጣ በኋላ ፊልሙን ዳግም የሚያየው እንደ ማንኛውም ተመልካች በቤቱ ተቀምጦ ነው። አሠራሩ ለረጅም ጊዜ ቅሬታ አላስነሣም፤ የድርጊት ፊልም አንድ የመኪና ማሳደድ ቢጎድልበት ልብ የሚል የለምና።

ቅሬታው የመጣው በ«ባዚጋር» ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ይህ የህንድ ፊልም ያኔ ገና ስሙ እየተነሣ ለነበረው ለሻህ ሩክ ካን የፊልምፌርን የምርጥ ተዋናይ ሽልማት ያስገኘለት ሲሆን፣ ርዝመቱ ወደ ሦስት ሰዓት ይጠጋል። ላላዩት ታሪኩን ባጭሩ ልናገር። አጃይ የተባለ ወጣት የአንድ ባለሀብት ልጅ ከሆነችው ከሲማ ጋር በድብቅ ይፋቀራል፤ በሕግ ሊጋቡ በሄዱበት ዕለት ከሕንፃው ጣሪያ ገፍትሮ ይጥላታል፤ አስቀድሞ በእጇ ያስጻፋትን ደብዳቤም ራሷን እንዳጠፋች ለማስመሰል ይጠቀምበታል። በሌላ ስምም ወደ እህቷ ይቀርባል፣ ምስጢሩን ሊያወጡበት የሚችሉትን ያጠፋል፣ የአባትየውን አመኔታ ያገኛል፣ በመጨረሻም ባለሀብቱ በገዛ ፈቃዱ በሰጠው ውክልና ድርጅቱን በሙሉ ከእጁ ያወጣበታል። የዚህ ሁሉ ምክንያት ተሟልቶ የሚገለጠው ዘግይቶ ነው፦ ባለሀብቱ ማዳን ቾፕራ ቀደም ሲል የአጃይ አባት ተቀጣሪ ነበር፤ ታምኖ በተሰጠው ውክልና ድርጅቱን ቀምቶ ቤተሰቡን ሜዳ ላይ በተነው፤ አባትየውና ሕፃኗ እህት ሞቱ፤ እናትየው አእምሮዋን ሳተች።

አቀናባሪያችን እጁ የቀለጠፈ ወጣት ነበር። በመጀመሪያ ዘፈኖቹን አወጣ፤ ያም አልበቃም። ቀጥሎ የልጅነቱንና ያለፈውን ዘመን የሚያሳዩትን ክፍሎች በሙሉ አነሣ፤ ታሪኩ ወደ ፊት እየሮጠ ሳለ ወደ ኋላ የሚጎትቱ መስለው ታይተውታል፣ በዚያም ላይ የሕፃን ሞት ለከሰዓት ተመልካች ይከብዳል ተብሎ ታስቧል። ልጅቷ ከጣሪያ የምትወረወርበት ትዕይንት ግን እንዳለ አለፈ። እነዚህ ሁለቱ በምን ሚዛን እንደተመዘኑ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ፊልሙ ሳያልቅ የጣቢያው ስልክ መጮህ ጀመረ። በቪዲዮ ቤት ዘመን ፊልሙን ደጋግመው ያዩ ሰዎች የተቆጡት ተቆረጠብን ብለው ነው፤ አንዲት ሴት የጎደሉትን ትዕይንቶች ተራ በተራ ከነንግግራቸው ለስልክ ተቀባያችን ነገረቻት። ይበልጥ ያሳሰበን ግን ፊልሙን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት ሰዎች ጥያቄ ነበር። «ልጅቷ ምን አድርጋው ነው?» ይላሉ። ሴቶች ልጆች ያሏቸው አንድ አባት፣ አፍቃሪ መስሎ ልጃገረድ የሚገድል ሰው በመጨረሻ በእናቱ እቅፍ ውስጥ ሆኖ እያለቀሰ ሲሞት እንድናዝንለት መጠየቃችን ምን ዓይነት ትምህርት እንደሆነ እንድናስረዳቸው በትሕትና፣ ነገር ግን በቁጣ ጠየቁ። መልስ የነበረው ሰው አልነበረም፤ መልሱ ያለው አቀናባሪው ቆርጦ ባስቀመጠው ክፍል ውስጥ ነው።

ሰኞ ጠዋት የፕሮግራም ኃላፊው ሰበሰበን። አቀናባሪው ራሱን ሲከላከል ለድምፅ ባለሙያው፣ በዕድሜ ለሁላችንም ታላቅ ለሆኑት ሰው፣ «ጋሼ፣ ሰው ቴሌቪዥን ከፍቶ የሚጠብቀው እኮ በቀሉን ነው፤ የድሮውን ለቅሶ ማን ያያል?» አላቸው። እርሳቸውም ሳይቆጡ፣ «ልጄ፣ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል። አንተ የተወጋበትን ደብቀህ ሲወጋ ብቻ አሳየኸን፤ ታዲያ በየት በኩል ልዘንለት?» ሲሉ መለሱለት።

እኔ በበኩሌ ያነሣሁት የውክልናውን ነገር ነበር። በዚያ ፊልም ውስጥ ውክልና ሁለት ጊዜ ይሰጣል፤ አንዴ ለቾፕራ፣ አንዴ ደግሞ በቾፕራ። ሁለተኛውን ለማጣጣም የመጀመሪያውን ማወቅ ግድ ነው፤ ቾፕራ የወረደበት መንገድ ራሱ የወጣበት መንገድ መሆኑ ነውና የታሪኩ ጉልበት። የመጀመሪያው ሲጠፋ ሁለተኛው ተራ የማጭበርበር ሥራ ሆኖ ቀረ። ከዚህ የከፋው ግን ሌላ ነው። ፊልሙ ሁለት ክህደቶች አሉት፦ ቾፕራ በአጃይ አባት ላይ የፈጸመው፣ አጃይም ባመነችው በሲማ ላይ የፈጸመው። እኛ የመጀመሪያውን ስናነሣው በማያ ገጹ ላይ የቀረው ክህደት በሲማ ላይ የተፈጸመው ብቻ ሆነ፤ የደወሉት ሰዎችም የሲማ ደም ሲመለስ ለማየት ሁለት ሰዓት ጠብቀው ያጡ ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ ተመልካቹ ተሳስቷል ለማለት አይቻልም፤ ያሳየነውን ፊልም በትክክል ተረድቶታል። ሙሉውን ፊልም ያየ ሰው እንኳ ለአጃይ ሙሉ በሙሉ አያዳላም፤ ሲማ ንጹሕ ነበረችና። ነገር ግን ቢያንስ ሁለቱን በደሎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ይፈርዳል።

በዚያ ስብሰባ ላይ እንደ ማስረጃ ያቀረብኩት ሌላው ጉዳይ የሆሊውዱ «ፔይባክ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ይህ ፊልም፣ በሚስቱና በሥራ ባልደረባው ተክዶ ከጀርባው በጥይት ከተመታ በኋላ የተወሰደበትን 70,000 ዶላር ብቻ፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ፣ ለማስመለስ ስለሚነሣ ሌባ ይተርካል። ዳይሬክተሩ ብራያን ሄልጌላንድ የሠራው ቅጂ ዋናውን ገጸ ባሕርይ እጅግ ጨካኝ አድርጎታል ተብሎ ከፊሉ በሌላ እጅ እንደገና ተቀረጸ፤ ባለታሪኩ ራሱ የሚተርክበት ድምፅ ተጨመረበት፤ አዲስ ቀንደኛ ባላንጣም ገባበት። ከዓመታት በኋላ የዳይሬክተሩ ቅጂ ለብቻው ሲወጣ፣ ሁለቱን ያነጻጸረ ሰው የሚያገኘው ያው ተዋናይ ሜል ጊብሰን የሚጫወታቸውን ሁለት የተለያዩ ሰዎች ነው፤ አንዱ ከነክፋቱ የሚወደድ፣ ሌላው የማያባብልና ቀዝቃዛ። በበቀል ፊልም ላይ መቀስ የሚወስነው የፊልሙን ርዝመት ብቻ አለመሆኑን ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ኃላፊው በትዕግሥት አዳምጠው፣ «እኛ ግን ሁለት ሰዓት ብቻ ነው ያለን» አሉ፤ እውነትም ነበረ።

መፍትሔውን ያመጣው አቀናባሪው ራሱ ነው። «ኪል ቢል» አንድ ሆኖ ተቀርጾ ከረዘመ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2004 ለሁለት ተከፍሎ መታየቱን አስታውሶ፣ «ባዚጋር»ንም ሳንቆርጠው በሁለት ሳምንት እንድናሳየው ሐሳብ አቀረበ። የት ላይ እንደሚቋረጥም አስቦበት ነበር፦ ቾፕራ ውክልናውን በሚፈርምበት ቦታ። ዘፈኖቹም ተመለሱ፤ ሲማ ምን ያህል አምናው እንደነበር የሚታየው በእነርሱ ውስጥ ነውና፣ ይህን ደግሞ ከእኛ ይልቅ ቀድማ የነገረችን ያች የደወለችው ሴት ነበረች። ከዚያ በኋላ ከተመደበው ሰዓት የሚረዝም ፊልም ሲመጣ ተርጓሚውና የድምፅ ባለሙያው ከአቀናባሪው ጎን ተቀምጠው እንዲያዩ ተወሰነ፤ ለዚህ ሥራ የሚከፈል ተጨማሪ አበል ግን አልነበረም።

በዚህ አሠራር ካለፉት ፊልሞች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2002 የተሠራው «የሞንቴ ክሪስቶ ኮንት» ነበር። በወዳጆቹ ተክዶ ማርሴይ አጠገብ ባለው የኢፍ ምሽግ ለዓመታት የታሰረውን የኤድሞን ዳንቴስን ታሪክ የሚተርክ ነው። አቀናባሪው የእስር ቤቱን ክፍል ገና ሳንጠይቀው «አይነካም» ብሎ ምልክት አድርጎበት ጠበቀን። እኔ በመጨረሻው ላይ ያለው የሰይፍ ፍልሚያ እንዲያጥር ሐሳብ አቀረብኩ፤ በአሌክሳንደር ዱማ መጽሐፍ ውስጥ ከሃዲው ፈርናን በገዛ እጁ ራሱን ያጠፋል እንጂ ከዳንቴስ ጋር እንዲህ አይፋለምም ብዬ ተከራከርኩ። ጋሼ ግን አልተቀበሉኝም፤ ያን ያህል ዓመት ድንጋይ ሲቆጥር የኖረን ሰው አብሮ የጠበቀ ተመልካች ሰይፉን የማየት መብት አለው አሉ፤ ወጣቱም ደገፋቸው። በመጨረሻ የተቆረጠው ኮንቱ በባሎን ወደ ግብዣው የሚወርድበት ትዕይንት ነው፤ ለእርሱ የተሟገተለት ማንም አልነበረም።