«ጊንግ» እና «ገጋንገን»

ዛሬ ማታ ሙኒክ ውስጥ በምከታተለው የጀርመንኛ ትምህርት «ጌሄን» የሚለው ግስ፣ ማለትም የእኛ «መሄድ»፣ ሙሉውን ክፍለ ጊዜ ወሰደ፤ ለወራት ያስቸገረኝ ነገር ስለተገለጠልኝም ከልቤ ተደስቻለሁ።

የዚህ ግስ ኃላፊ ጊዜ «ኢሽ ጊንግ» እና «ኢሽ ቢን ገጋንገን» የሚሉ ሁለት መልኮች አሉት። ሁለቱም «ሄድኩ» ማለት ሲሆኑ፣ የመጀመሪያው በመጻሕፍትና በተረት ጎልቶ ይታያል፤ እዚህ በባቫሪያ ግን ሰዎች ሲጨዋወቱ የሚሰማው ሁለተኛው ነው። በሁለቱም ውስጥ ያለው «ንግ» የሚለው ድምፅ የመጣው፣ የጥንቱ ጀርመንኛ ከአጭሩ ቅርጽ ጎን «ጋንጋን» የሚል ረዘም ያለ ቅርጽ ስለነበረው ነው።

እኔን ግን ያስጨነቀኝ ረዳት ግሱ ነበር። እኛ «በልቷል» ስንልም ሆነ «ሄዷል» ስንል ረዳቱ ያው «አለ» ነው፤ ጀርመኖች ግን ለመብላት «ሀበ»ን፣ ማለትም «አለኝ»ን፣ ለመሄድ ደግሞ «ቢን»ን፣ ማለትም «ነኝ»ን ይጠቀማሉ። ስለዚህ «ኢሽ ሀበ ገጋንገን» እያልኩ ስሳሳት ከርሜአለሁ። መምህራችን ዛሬ እንዳስረዱን፣ እንደ መምጣትና መሞት ያሉ፣ ከቦታ ወደ ቦታ መንቀሳቀስን ወይም ከአንድ ሁኔታ ወደ ሌላ መለወጥን የሚገልጹ ግሶች «ነኝ»ን ይወስዳሉ። (ባለበት መቆየትን የሚገልጸው «ብላይበን» ግን ምንም እንቅስቃሴ ሳይኖረው ከእነዚሁ ጋር ይመደባል፤ እርሱን በቃል መያዝ ግድ ነው።)

ወደ ቤቴ ስመለስ በባቡሩ ውስጥ የዋልኩበትን ሁሉ በ«ቢን» እና በ«ሀበ» እየለየሁ ለራሴ ተረክሁት።