የአቧራ መሳቢያው ከረጢት፦ የቱ ይገዛል፣ የቱስ ይደገማል?

የእንጨት ሥራ ባልደረቦቼ ስለ አቧራ መሳቢያ ማሽን ሲጠይቁኝ የሚያሳስባቸው ሞተሩ ነው። ስንት የፈረስ ጉልበት አለው? በነጠላ ፌዝ ይሠራል? ስንት መጋዝ ይችላል? ከረጢቱ የሚታወሰው ማሽኑ ከተገዛ በኋላ፣ ሲቀደድ ወይም ሲደፈን ነው። ለእኔ ግን የማሽኑ ዋና ክፍል ከረጢቱ ነው። ሞተሩ አቧራውን ከመጋዙ ላይ ያነሳዋል እንጂ ከአየሩ አይለየውም፤ የሚለየው ጨርቁ ነው። ጨርቁ መጥፎ ከሆነ መሬት ላይ ይቀር የነበረውን አቧራ አንስቶ በሠራተኛው አፍንጫ ከፍታ የሚበትን ማሽን ገዝተናል ማለት ነው።

በመጥረጊያ የሚሰበሰበውን ሰጋቱራ ብዙም አልፈራውም፤ ይታያል፣ ይወድቃል፣ ይጠረጋል። የምፈራው ከ10 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) በታች የሆነውን ነው። የሰው ጸጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ያህል ስለሆነ ይህን አቧራ ዐይን ለይቶ አያየውም፤ ማሽኑ ከቆመ በኋላም አየር ላይ ለረጅም ሰዓት ይንሳፈፋል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት አቧራን በ1995 እ.ኤ.አ. በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትሉ ከተረጋገጡት ነገሮች ጋር መድቦታል፤ በተለይ ከአፍንጫ ውስጥ ካንሰር ጋር ያለው ግንኙነት ጠንካራ ነው። የእንጨት ብናኝና ስብርባሪ በሙጫ ተጠቅጥቆ በሚሠራቸው ጣውላዎች፣ በኤምዲኤፍና በቺፑድ፣ ሙጫ ውስጥ የሚገኘው ፎርማልዴሃይድም በ2004 እዚያው ምድብ ገብቷል። ሙያውን የተማርኩበት ቤት የነበሩት ሽማግሌ አናጢዎች ሁሉም ያስሉ ነበር። ሳሉን ከእንጨቱ ጋር የሚያገናኘው ሰው አልነበረም፤ ብርድ ነው ይባል ነበር። ዛሬ ልጆች ቀጥሬ ሳሠራ ያንን ሳል በእነሱ ላይ መስማት አልፈልግም።

በአገራችን ወርክሾፖች የሚበዛው ባለ ሁለት ከረጢቱ ማሽን ነው፤ ላይኛው አየሩን ያጣራል፣ ታችኛው ሰጋቱራውን ይይዛል። አብሮት የሚመጣው የላይኛው ከረጢት ብዙውን ጊዜ 30 ማይክሮን የሚባለው ስለሆነ ፍቅፋቂውን ይይዝና ደቃቁን ይለቃል። እሱ ሲያልቅ ብዙ ሰው በአቡጀዲ ወይም በአሮጌ አንሶላ ያሰፋል። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። አቡጀዲ የተሸመነ ጨርቅ ነው፤ በክሩና በክሩ መካከል ያለው ቀዳዳ ለደቃቁ አቧራ ሰፊ በር ነው። የሚሻለው ፌልት ነው፤ ፖሊስተሩ ሳይሸመን በመርፌ እየተወጋ የተጠቀጠቀ ወፍራም ጨርቅ። በካሬ ሜትር 500 ግራም አካባቢ የሚመዝነው ለእኛ ሥራ ይበቃል። ሲሚንቶ ፋብሪካዎችም ብናኛቸውን የሚያጣሩት በዚሁ ዓይነት ጨርቅ ስለሆነ ያገለገለውን በርካሽ አግኝተን እንስፋው የሚሉ አሉ። አይሆንም። በውስጡ የተቀበረው የሲሚንቶ ብናኝ ታጥቦ አይወጣም፤ ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ወደ ቤት ይረግፋል።

ከማይክሮን ቁጥሩ ጋር እኩል የሚያስጨንቀኝ የጨርቁ ስፋት ነው። ስፋቱ በጨመረ መጠን አየሩ በጨርቁ ውስጥ በዝግታ ያልፋል፤ ሲዘገይ ደግሞ አቧራውን እየገፋ አያወጣም፣ ሞተሩም አይታፈንም። ስለዚህ የማሽኔን ከረጢት ሳሰፋ ጣሪያው እስከፈቀደልኝ ድረስ አስረዘምኩት። ተጨማሪ ሞተር ከመግዛት ተጨማሪ ሁለት ሜትር ጨርቅ ይሻላል።

የሰፋችልኝ የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ናት። በመጀመሪያ «ይህ ደግሞ ለምን ዓይነት ሰው የሚሰፋ ሱሪ ነው ጋሼ?» ብላ ስቃ ነበር፤ አሁን የሌሎች ወርክሾፖች ትእዛዝም ትቀበላለች። ለልብስ ሰፊ መንገር ያለባችሁን ልንገራችሁ። አንደኛው የፌልቱ ገጽ በእሳት ተለብልቦ ለስለስ ያለ ከሆነ እሱ ወደ ውስጥ፣ ወደ አቧራው ይሁን፤ አቧራው ቶሎ ይለቀዋል። ክሩ ፖሊስተር ይሁን፤ የጥጥ ክር ቶሎ ይበጠሳል። ስፌቱ ሁለት ጊዜ ታጥፎ ይሰፋ፤ መርፌ ያለፈበት ቦታ ሁሉ ቀዳዳ ስለሆነ እኔ ከውጭ በኩል በስፌቱ መስመር ላይ ስስ ሲሊኮን እቀባበታለሁ። የአንገቱ ልክ ከማሽኑ ቀለበት ጋር ጥብቅ ይሁን፤ ልኩ ሰፊ ሆኖ በፋሼታ (በማጥበቂያ ቀለበት) ቢታሰር ጨርቁ ይሸበሸብና በሽብሽቡ በኩል ይተነፍሳል። የታችኛው ከረጢት ግን አየር የሚያሳልፍ መሆን የለበትም። ወፍራም ፕላስቲክ ይበቃል፤ ምን ያህል እንደሞላም ከውጭ ይታያል። ከግማሽ በላይ ሲሞላ አውጡት፤ ከዚያ በኋላ ሰጋቱራው መልሶ እየተሽከረከረ ላይኛውን ይደፍነዋል።

ወደ መድገሙ ልምጣ፤ ብዙ ጥያቄ የሚመጣልኝ በዚህ ነው። የፌልት ከረጢት ለዓመታት ይደጋገማል፤ የተሠራውም ለዚያ ነው። እንዲያውም አዲስ ሳለ ከቆየው ይልቅ ያሳልፋል። ጠጅ የሚያጠል ሰው ያውቀዋል፤ መጀመሪያ የሚወርደው ድፍርስ ነው፣ አተላው ጨርቁ ላይ ሲተኛ ግን የሚቀጥለው እየጠራ ይመጣል። ፌልቱም ውስጡ ስስ የአቧራ ልባስ ሲይዝ የተሻለ ያጣራል። ስለዚህ በየቀኑ አልቦ እስኪሆን ማራገፍ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። ልባሱ ወፍሮ መሳቡ ሲደክም ማሽኑን አጥፍቶ፣ ከረጢቱን ሳያወልቁ ከውጭ በእጅ መታ መታ ማድረግ፤ የወረደው ታች እስኪቀመጥ ጠብቆ ማስነሳት። ይኸው ነው።

በኮምፕሬሰር መንፋት የተለመደ ነው፤ እኔ ቤት ግን ክልክል ነው። ኃይለኛው አየር የተጠቀጠቀውን ጨርቅ ያላላዋል፤ ከረጢቱ የጸዳ ይመስላል፣ መሳቡም ይበረታል፤ የበረታው ግን ስለተበሳ ነው። የተነፋው ደቃቅ አቧራም ወደ ነፊው ሳንባ ይሄዳል። ማጠብ የግድ ከሆነ በቀዝቃዛ ውኃ ያለ ሳሙና፣ በበጋ ይሁን። በሐምሌና በነሐሴ የታጠበ ፌልት ውስጡ ሳይደርቅ ይታሰርና አቧራው ተቦክቶ ቅርፊት ይሠራል፤ ያንን ቅርፊት የሚያላቅቅ ነገር አላገኘሁም።

የትንንሾቹ ቫኪዩሞች ከረጢት ሌላ ጉዳይ ነው። የወረቀቱን ከረጢት አትድገሙት፤ ሲራገፍ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ ደግሞ ከውጭ አይታይም። ስስ ፌልት መሳዩን ብዙዎች ታችኛውን ጫፍ ቀደው ይገለብጡትና ጫፉን አጥፈው በሁለት ቀጭን እንጨትና ብሎን አጥብቀው መልሰው ይጠቀሙበታል። ዋናው ከረጢት ውድ ነው፣ በተፈለገ ጊዜም አይገኝም፤ ስለዚህ አልፈርድባቸውም። እኔም በፒያላ (በመላጊያ ማሽን) ፍቅፋቂና በሻካራ ሰጋቱራ ለሞላ ከረጢት አደርገዋለሁ። የብርጭቆ ወረቀት ብናኝ ወይም የኤምዲኤፍ አቧራ የጠጣውን ግን እንዳለ አስሬ እጥላለሁ፤ ምክንያቱም እንዲህ ያለውን ከረጢት መገልበጥ ወር ሙሉ ከአየር የሰበሰብነውን በአንድ ደቂቃ መልሶ መተንፈስ ነው። የምትገለብጡም ከሆነ ደጅ ወጥታችሁ፣ ትልቅ ፌስታል ውስጥ አስገብታችሁ፣ ኤን95 ጭንብል አድርጋችሁ ይሁን። በአውሮፓ ደረጃ የሚሸጡት ቫኪዩሞች ላይ ኤል፣ ኤም ወይም ኤች የሚል ምልክት አለ፤ የመጀመሪያው ከገባው አቧራ ቢበዛ 1 በመቶ፣ ሁለተኛው 0.1 በመቶ፣ ሦስተኛው 0.005 በመቶ ያሳልፋል። ቁጥሩ የሚሠራው ግን በትክክለኛው ከረጢት ነው፤ ኤም ተብሎ በተገዛ ማሽን ላይ የተቀደደ ከረጢት ከተሰካ ምልክቱ ጌጥ ብቻ ይሆናል።

ከረጢት ለመቆጠብ ከሁሉም የሚበልጠው ዘዴ ከቫኪዩሙ በፊት ሳይክሎን ማስገባት ነው፤ አየሩን በማሽከርከር ከባዱን ባልዲ ውስጥ የሚጥል ቀፎ። የእኔ የቆመው ክዳኑ በሚገጥም 20 ሊትር የቀለም ባልዲ ላይ ነው። ደቃቁ ያልፈዋል፤ ቦታ የሚይዘው ግን ባልዲው ውስጥ ስለሚቀር ከረጢቱ ቶሎ አይሞላም።

የታችኛውን ፕላስቲክ በተመለከተ፣ ለዋንዛና ለጽድ አንድ፣ ለኤምዲኤፍና ለቺፑድ ሌላ አለኝ። የንጹሕ እንጨት ሰጋቱራ ዶሮ አርቢዎች ለጉዝጓዝ፣ እናቶች ለምድጃ ይወስዱታል። ሙጫ ያለበትን ለዶሮም ለምድጃም አልሰጥም፤ ሲነድ የሚወጣው ጢስ ልጅ የሚተኛበት ቤት ውስጥ ነው የሚገባው።

እሳቱንም አትርሱ። የግራይንደር ፍንጣሪ ወደ እንጨት አቧራ መሳቢያ አይገባም፤ ብረት የሚቆረጥበት ጠረጴዛ ከቱቦው ጋር ፈጽሞ አይገናኝ። እ.ኤ.አ. በ2012 በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ሁለት የእንጨት መሰንጠቂያ ፋብሪካዎች በጥርና በሚያዝያ በአቧራ ፍንዳታ ወድመው በእያንዳንዳቸው ሁለት ሠራተኞች ሞተዋል። የእኛ ቤት ትንሽ ነው፤ ሆኖም በሥራ መጨረሻ ከረጢቱን ሙሉ ትቶ መሄድን አልፈቅድም፤ በተለይ ዘይትና ቫርኒሽ የነካው እንጨት የተላገበት ቀን።

ከረጢቱ ማለቁን የማውቀው በባትሪ መብራት ነው። ማታ ሌላውን መብራት ሁሉ አጥፍቼ፣ የባትሪውን ጨረር ከከረጢቱ ጎን በአግድም አልፌ፣ ማሽኑን አስነሳለሁ። በጨረሩ ውስጥ ጉም ከታየ ያሳልፋል። ጉሙ ከስፌቱ ወይም ከአንገቱ ከሆነ ይጠገናል፤ ከጨርቁ ገላ ከሆነ ግን ከረጢቱ ይለወጣል።

በመጨረሻ ማሽኑ የት ይቀመጥ ለሚለው፦ ብርድ አገር ያሉ አናጢዎች ያሞቁትን አየር ላለማባከን ማሽኑን ቤት ውስጥ ያቆማሉ። አዲስ አበባ ላይ ይህ ችግር የለብንም፤ ስለዚህ የእኔ ማሽን ከግድግዳው ውጭ በቆርቆሮ መጠለያ ሥር ነው፣ ቱቦው ብቻ ወደ ውስጥ ይገባል። ከአጥሩ ማዶ ግን ጎረቤቶቻችን በርበሬ ያሰጣሉ፣ ልብስ ያሰጣሉ። ስለዚህ ውጭ ላለው ማሽንም ያሰፋሁት ያንኑ ፌልት ነው፤ የባትሪውን ፍተሻም በእነሱ በኩል ባለው ጎን እጀምራለሁ።